አራተኛው ማቆሚያ

ጡሩምባው የሚሉት ሰውዬ ጎብኚዎች ይዞ በመስኮቷ ስር መጀመሪያ የቆመ ዕለት ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገና አልሞላም። ከታች የብዙ ሰው ኮቴና የታፈነ ሳቅ ስትሰማ መንገድ የሳቱ እንግዶች መስለዋት ነበር። ወዲያው ግን ያ ድምፅ መጣ። ከተማው ውስጥ ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ፣ ነገ ውሃ ይቋረጣል፣ ከነገ ወዲያ ክትባት አለ እያለ የሰው ጆሮ ሲበጥስ ኖሯል፤ ጡሩምባው የሚለውን ስም ያተረፈውም ከዚያ ነው። ሥራውን ስልክ ሲወስድበት ጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፍቶ ከረመ። ከዚያ ደረቱ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ማጉያ ገዝቶ ሙት ይታይባቸዋል የሚባሉ ቤቶችን ለእንግዳ በክፍያ የሚያሳይ የመናፍስት አስጎብኚ ሆኖ ብቅ አለ።

“አራተኛውና የመጨረሻው ማቆሚያችን ይህ ነው” ሲል ሰማችው። “አጣቢዋ የኖረችው እዚህ ቤት ነው። የዱቄት ፋብሪካው ጌታ አንድ ልጅ ነበረው፤ ገና ድክ ድክ የሚል። ይህቺ ሴት በቅናት አብዳ ሕፃኑን ጉድጓድ ውስጥ ጨመረችው። ኋላም ራሷን እዚያው ጣለች። እስከ ዛሬ ግን አላረፈችም፤ ከነእርጥብ ፀጉሯ ትመላለሳለች። ቀና በሉ፤ ያቺ ነጭ ነገር ትታያችኋለች?”

ሃያ ራስ አንድ ላይ ቀና አለ። አንዲት ሴት የጓደኛዋን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ነጯ ነገር ልብስ ሰፊዋ ልብስ የምትለካባት ራስ አልባ አሻንጉሊት ናት፤ የለበሰችውም በሚቀጥለው ሳምንት የምታገባ የባንክ ሠራተኛ ቀሚስ ነው። አጣቢዋ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ እናት ነበረች።

እናቷ ራሷን የትም አልጣለችም። አራት ዓመት ታስራ፣ ወጥታ፣ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራ፣ በሳንባ ምች አልጋዋ ላይ ነው የሞተችው። ስትሞት ጭንቅላቷ የልጇ ጭን ላይ ነበር። በነዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ከከተማው አንድ ሰው አንዲት መሐረብ እንኳ እጠቢልኝ ብሎ አልሰጣትም። በየማለዳው እየተነሳች ሌላ ከተማ ድረስ በእግሯ ሄዳ የሆስፒታል አንሶላ ታጥብ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ የስፌት መኪናዋን ያቆመችው የእናቷ አልጋ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ያን ቀን አልጮኸችም። መርፌው ጣቷን ወግቷት ስለነበር ደሙ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካው እጇን ወደ ኋላ ይዛ፣ ሰዎቹ እስኪበተኑ ድረስ ባለችበት ተገትራ ቀረች።

ሰኞ ጠዋት ጡሩምባውን የጉብኝቱ ቲኬት በሚሸጥበት ጽሕፈት መሣሪያ መደብር በር ላይ ጠብቃ አገኘችው። ከልጅነታቸው ጀምረው ይተዋወቃሉ፤ እሷ በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። በደህና ነበር የጀመረችው። እናቴን ከአፍህ አውጣት፣ ሌላ ቤት ፈልግ አለችው። እሱ ፈገግ ብሎ፣ ስም ጠርቼ እንደሆነ ንገሪኝ አላት። ማን እንደሆነች ሰው ሁሉ ያውቃል ብትለው፣ እንግዳው አያውቅም፣ የሚያውቀውም ድሮ ነው ያወቀው ሲል መለሰላት። ደሟ ሲፈላ ፊቷ ላይ ሳያነብ አልቀረም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እኔ ፈጥሬ አላወራሁም” አላት። “አባቴ በዓይኑ ያየውን ነው የምናገረው። ፍርድ ቤትም አምኖታል።”

አባቱ የፋብሪካው ጌታ ቤት ዘበኛ ነበር። እናቷን ያሳሰረው የእሱ ምስክርነት ነው።

ከዚያው በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የጉብኝቱን ነገር የምትመራው ሴትዮ የራሷ ደንበኛ ናት፤ ዓመት ሳይሞላ ጉርድ ቀሚስ ሰፍታላታለች። ሴትዮዋ ወንበር ስባ አስቀምጣ እንደ ሕፃን አባበለቻት። ይህ እኮ ተረት ነው፣ ማንም ከልቡ አያምነውም፣ ደግሞ ከተማችን ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሰው ሲመጣባት ይኸው የመጀመሪያዋ ነው አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ታዲያ በአንቺ እናት አስጀምሪው ብላ ተነሳች። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተፈላለጉም።

እንግዲህ ጦርነት ከፈተች። በሁለተኛው ቅዳሜ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው፤ ጡሩምባው የራሱን ማጉያ ከፍ አድርጎ አፈናት። በሦስተኛው አንድ ሳፋ የሳሙና ውሃ ከላይ ደፋች። ውሃው የአንዱን እንግዳ ጫማ አረሰረሰው። ጡሩምባው ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ፣ “አያችሁ? ዛሬም እያጠበች ነው” ሲል ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። በአራተኛው መስኮቱን በአንሶላ ጋረደችው፤ እነሱም አንሶላውን ፎቶ አነሱት። የምታደርገው ሁሉ ለሰውየው ሲሳይ ሆነለት።

ሰፈሩም ፊቱን አዞረባት። ፊት ለፊቷ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሁለት አግዳሚ ወንበር በረንዳው ላይ አውጥቶ ለእንግዶቹ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ መሸጥ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ እትዬ፣ እባክዎ ውሃ አይድፉ፣ የሰው እንጀራ አይዝጉ ብሎ ለመናት።

“የአንተ እናት ብትሆን ወንበር ታወጣ ነበር?” አለችው።

“የእኔ እናት ሰው አልገደለችም፣ እትዬ” አላት፤ ከአፉ አመለጠው እንዳይባል ረጋ ብሎ ነው ያለው።

ሰላምታቸው የዚያን ቀን ተቆረጠ። በማግስቱ በሯ ላይ በጠመኔ ክብ ጉድጓድ ተስሎ፣ ከጉድጓዱም እጅ ወጥቶ አገኘችው። ማን እንደሳለው አልጠየቀችም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አጠፋችው። በሳምንቱ ደግሞ አንዲት ወጣት ጎብኚ ደረጃውን ወጥታ፣ ሳታንኳኳ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ብድግ ስትል ልጅቷ ቅንጣት አልደነገጠችም። ውይ ይቅርታ፣ ሰው ይኖርበታል እንዴ አለችና፣ ሙቷን አይተዋት ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ በመቀሱ በሩን አሳየቻት። ልጅቷም እሷን ከነመቀሷ ፎቶ አንስታ፣ ደስ ብሏት ወረደች።

ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ረጅም ሰዓት ምንም ሳትሠራ ቆየች። በመስኮት በኩል መዋጋት እንዳላዋጣት ገብቷታል። በስድስተኛው ቅዳሜ ደህናውን ካፖርቷን ለብሳ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጣ ከጎብኚዎቹ መጨረሻ ቆመች። ጡሩምባው ሲያያት ፊቱ ትንሽ ተለወጠና ወዲያው ተስተካከለ። ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው አለ።

መጀመሪያ ወደ አሮጌው እስር ቤት ሄዱ። በሌሊት ቁልፍ ስለሚያቃጭል የሞተ ወህኒ ጠባቂ አወራ። እናቷ አራት ዓመት የተኛችበት ክፍል ከግቢው በስተግራ፣ ሦስተኛው በር ነው፤ ስለ እሱ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ድልድዩ ላይ፣ ከድልድዩም ወደ ተዘጋው ሲኒማ ቤት። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከነፊልሙ ስለተቃጠለው አጫዋች ሲተርክ ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ይዛ፣ አንገቷን አስግጋ እየሰማች መሆኗን ድንገት ልብ አለች። ሰውየው ጎበዝ ተራኪ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የተቃጠለው ሰውዬ የልጅ ልጅ ዳቦ ቤት ውስጥ እንደሚሠራ ትዝ ያላት መንገድ ላይ ነው። ያም ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ድምፅ ይሰማ ይሆናል። በራሷ አፈረች፤ ማፈሯም የበለጠ አናደዳት።

በራሷ ቤት ስር ሲደርሱ እንደ እንግዳ ቀና ብላ አየችው። ቀለሙ የተላጠ ጠባብ ፎቅ፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ውስጥ ነጭ ነገር። ጡሩምባው ቅናቱን ብሎ፣ ጉድጓዱን ብሎ፣ እርጥቡን ፀጉር ብሎ ሲጨርስ ሰዎቹን ገፋ እያደረገች ወደ ፊት ወጣች።

“አጣቢዋ እናቴ ናት” አለች። “እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የዚያን ቀን እናቴ ሥራዋ ቦታ ይዛኝ ሄዳለች። እሷ ከቤቱ ጀርባ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዘበኛው ለአትክልት ውሃ ሊቀዳ የጉድጓዱን ክዳን አንስቶ ግድግዳ አስደገፈው። ቀድቶ ሳይመልሰው ሄደ። በዓይኔ አይቻለሁ። ሕፃኑ ኳሱን ተከትሎ ገባ። እናቴ ጩኸት ሰምታ ሮጣ፣ ከነልብሷ በገመድ ወርዳ ነው ያወጣችው። በሕይወት አልደረሰችበትም። ሰዎች ሲመጡ ልጁን ታቅፋ፣ ከራስ እስከ እግሯ ውሃ ሆና አገኟት። ዘበኛው፣ ስትጥለው አየሁ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።”

ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ፣ ተዋናይ ቀጥረው ነው፣ ጥሩ ትሠራለች ሲል በግልጽ ተሰማ። ጡሩምባው እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ እህታችንን አመስግኑልኝ አለ። ልብስ ሰፊዋ እጁን ከትከሻዋ ላይ አራግፋ ጥላ ገባች። ሃምሳ ሁለት ዓመት በሆዷ ይዛ የኖረችውን ነገር አውጥታ ብትሰጣቸው በጭብጨባ ነው የተቀበሏት።

የባሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ጡሩምባው ታሪኩ ላይ ጨምሮበታል።

“ልጇ እስከ ዛሬ እዚያ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች” ይላል። “እናቴ ንጹሕ ናት እያለች ለነፋሱ ትናገራለች። እውነት ይሁን እብደት እናንተ ፍረዱ።” ቀጥሎም ወደ ላይ ተጣራ፤ “እህቴ፣ ውረጂ እንጂ፤ እንግዶች መጥተውልሻል።”

ወረደች። መርፌ የምትገፋበትን የጣት ቆቧን እንኳ አላወለቀችም። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው መንገድ ለቀቁላት፤ ስልኮች ወጡ።

“ዛሬ አምስተኛ ማቆሚያ አለ” አለቻቸው። “ቅርብ ነው። ተከተሉኝ።”

ተከተሏት። ጡሩምባውም መጀመሪያ እየሳቀ አብሮ ሄደ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን ሳቁ ደረቀ፤ የምትወስዳቸው የት እንደሆነ ገባው። ሮጦ ጎኗ ደረሰና በሹክሹክታ ተማጠናት። ደረቱ ላይ ያለውን ማጉያ መዝጋቱን ስለረሳ ሹክሹክታው መንገዱን ሞላው። “አትሞክሪያት፣ አባቴ ታሟል፣ እባክሽ፣ ሰው አለ” የሚለውን ሃያውም ጎብኚ፣ በየበሩ የቆመውም ሰው እኩል ሰማ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሄደች።

ሽማግሌው፣ የጡሩምባው አባት፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል። ድሮ በር የሚሞላ ሰው ነበር ይባላል፤ አሁን ከወንበሩ አንሷል። ልብስ ሰፊዋ አጥሩን ይዛ ቆመች። መንገዱን ስትመጣ ልትለው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር።

“አባባ፣ ያውቁኛል?” አለች።

“የማን ልጅ ነሽ?”

“የአጣቢዋ።”

ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ አያት። ከኋላዋ የቆሙትን ሰዎች ያያቸው አይመስልም። መንጋጋው እንደሚያኝክ ሰው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

“ክዳኑ ከባድ ነበር” አለ። “አንድ ባልዲ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ተመልሼ ልከድነው ነበር።”

“አባዬ፣ ዝም በል” አለ ጡሩምባው። ይህም በማጉያው ወጣ።

ሽማግሌው ወደ ልጁ አልዞረም። “አንቺ ከልብስ ማስጫው ሽቦ አጠገብ ቆመሽ ነበር። አይተሽኛል። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅሁሽ። አልተናገርሽም።”

ልትመታ መጥታ ተመታች። ፖሊሶች ሊወስዷት ሲመጡ እናቷ፣ አንቺ ምንም አላየሽም፣ ሰምተሻል፣ ምንም አላየሽም ብላ ጆሮዋ ውስጥ ነግራታለች፤ ልጅቷን እንዳይነኩባት ፈርታ። ማንም ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ አልጠየቀም። ካደገች በኋላ ልናገር ስትል እናቷ፣ ከእንግዲህ ምን ሊረባኝ ትላት ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ የምታመካኝበት ሰው አልነበራትም።

“ይኸው ተናገርሁ” አለች በመጨረሻ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። “እርስዎም ተናገሩ።”

የጡሩምባው ሚስት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከቤት ወጣች። ምን አደረጋችሁት ሽማግሌውን አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወንበሩን ከነሰውየው እየጎተተች አስገባችው፤ በሩንም ዘጋችው። በዚህ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ፎቶ ሲያነሱ የነበሩት አንድ በአንድ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ ወደ ሆቴላቸው ተበታተኑ።

ሰኞ ጡሩምባው ደረጃዋን ወጥቶ መጣ። ማጉያው የለም፤ ድምፁም ያለ ማጉያ ሻካራ ነው።

“አሁን ረካሽ?” አላት በሩ ላይ ቆሞ።

“አልረካሁም።”

“ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ እህል አልቀመሰም።”

“እናቴ ሲወስዷት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።”

የሚገባበት ጠፍቶት አሻንጉሊቷን፣ መኪናዋን፣ ተጣጥፎ የተቆለለውን ጨርቅ አየ። “አላውቅም ነበር” አለ።

“አልጠየቅህም። ሃምሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ኖረህ አንድ ቀን አልጠየቅኸውም።”

ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ ሲላት መልሱ አፏ ላይ ነበር። ያንን የድሮውን መኪና ተዋስ፣ ውሃ ይቋረጣል ስትል በዞርክባቸው መንገዶች ሁሉ ዙር፣ አጣቢዋ ሰው አልገደለችም በል አለችው። ጡሩምባው ራሱን ነቀነቀ። አባቴ በሕይወት እያለ አላደርገውም አለ። እሷም ተነስታ በሩን ይበልጥ ከፈተችለት፤ ወርዶ እስኪሄድም ይዛው ቆመች።

ሽማግሌው በአምስተኛው ሳምንት ሞተ። ቀብሩ ላይ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ አልሄደችም። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ፣ ሽማግሌውን የገደለችው እሷ ናት ይል ጀመር። እናቷም ነፍሰ ገዳይ ነበረች የሚለውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ተሳስተን ነበር ያለም የለም። ጡሩምባው መኪናውን አልተዋሰም። አባቱ ከተቀበረ በኋላም አልተዋሰም። ከከተማው የሚመጣላት ሥራ ሲቀንስ ልብስ ሰፊዋ ሌላ ከተማ ሄዳ ከሆስፒታሉ ጋር ተዋዋለች፤ አሁን የቀዶ ሕክምና ጋውን ትሰፋለች። አውቶቡሱ ላይ እናቷ በእግሯ የተመላለሰችበትን መንገድ በመስኮት ታያለች፤ ረጅም ነው።

ተቋርጦ የከረመው ጉብኝት ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ሲያቆም እንደገና ተጀመረ፤ ሦስት ማቆሚያ ብቻ። ይሁንና ከሲኒማ ቤቱ ወደ ሆቴሉ የሚወስደው በእሷ መንገድ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎቹ በመስኮቷ ስር ማለፋቸው አልቀረም። ጡሩምባው እዚያ ሲደርስ ማጉያውን ይዘጋና ራመድ ራመድ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ሴት ቆማ ወደ ላይ አየችና፣ እዚህስ ምን ሆኖ ነበር ብላ ጠየቀችው። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አንስታ አዳመጠች።

“ልብስ ሰፊ ናት የምትኖርበት” አለ ጡሩምባው።

ይህን ብሎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱም ሰላም አላላትም፣ እሷም አላለችውም። ሴትዮዋን ይዞ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ በልቧ፣ ፈሪ አለችው፤ ከዚያም እስከ ማክሰኞ የምታስረክበው አርባ ጋውን ስለቀራት ፔዳሉን ረገጠች።